ሰነድ አረጋጋጭ ራሱን ከተጠያቂነት ጠብቆ እንዴት ይሥራ? በወሎ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በሐይቅ ሰነድ ለማረጋገጥ የሚመጣው ባለጉዳይ ይዞት የሚመጣው ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ዐረብ አገር ያለ ልጅ የላከው ውክልና፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ ለልጅ ወይም ለእህት ልጅ የሚሰጥ ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ የውክልና መሻሪያ። ሥራው ተደጋጋሚ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት ሰነድ ከዓመታት በኋላ ወራሾች ሲጣሉበት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ያን ጊዜ አረጋጋጩ በምስክርነት፣ አንዳንዴም በተከሳሽነት ይጠራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ባለሙያው በእያንዳንዱ ደረጃ ምን ማድረግ እንዳለበትና ሕጉ የሚጠብቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለማሳየት ነው። መነሻ ሐሳቡም አንድ ነው፦ ቅን ልቡና ብቻውን አይበቃም፤ አረጋጋጩን የሚያድነው ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳየና ለምን እንደፈረመ በዕለቱ የተጻፈ መዝገብ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ በምን ይጠየቃል?

ተጠያቂነቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። የመጀመሪያው የዲሲፕሊን ተጠያቂነት ሲሆን በሚሠራበት ተቋም ደንብና በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይመራል።

ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ተጠያቂነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ በአንቀጽ 2031 ደግሞ የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ለመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት ግን አንቀጽ 2126 እና 2127 ናቸው። በእነዚህ አንቀጾች መሠረት ሠራተኛው ራሱ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሆኖም ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፣ መንግሥትም የከፈለውን መልሶ ሠራተኛውን ሊጠይቅ ይችላል። ጥፋቱ የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት ኃላፊነት የለበትም፤ ዕዳው በሠራተኛው ራስ ላይ ብቻ ያርፋል። የሥራ ጥፋት የሚባለው ሠራተኛው በቅን ልቡና በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እንደሠራ አምኖ የፈጸመው ነው። ስለዚህ ለዘመድ ሲባል፣ ለጉቦ ወይም ለይሉኝታ የተፈረመ ሰነድ በዚህ ከለላ ሥር ሊገባ እንደማይችል ከወዲሁ ማወቅ ይገባል። የካሣ ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 2143 ይደነግጋል፤ ነገር ግን ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይርጋ ተፈጻሚ ስለሚሆን ሁለት ዓመት አለፈ ብሎ መዝናናት አይገባም።

ሦስተኛው የወንጀል ተጠያቂነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ ይህንኑ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ በአንቀጽ 68 ደግሞ በሕግ በተፈቀደው ወሰን ውስጥ የሕዝብ አገልግሎት ግዴታን ለመወጣት የተፈጸመ ድርጊት ወንጀል አይደለም ይላል። አጭበርባሪ አምጥቶ ያቀረበለትን ሐሰተኛ መታወቂያ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ ሳይለየው የቀረ ባለሙያ በአንድ ወገን፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ያረጋገጠ ባለሙያ በሌላ ወገን የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው በሐሰተኛ ሰነድ ወንጀል ብቻ ሳይሆን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ሊጠየቅ ይችላል።

አንደኛ፦ ሥልጣንንና የጥቅም ግጭትን ማጣራት

የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ለሥራው ጥሩ መለኪያ ቢሆንም ባለሙያው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ሥልጣን የሰጠውን የክልሉን ሕግና የተቋሙን መመሪያ ነው። ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ የሥጋና የጋብቻ ዘመዱ ተዋዋይ የሆነበትን ሰነድ ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፋል። ሁሉ ሰው በሚተዋወቅባቸው እንደ ሐይቅና መካነ ሰላም ባሉ ከተሞች ይህ ከባድ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በትንሽ ከተማ ሐሜቱም ክሱም ፈጥኖ የሚመጣ በመሆኑ ጥንቃቄው እዚያ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ሁለተኛ፦ የባለጉዳዩን ማንነት መለየት

በወሎ የስም መመሳሰል እውነተኛ ችግር ነው። ሰይድ አሊ፣ መሐመድ ሰይድ፣ አሕመድ ይማም የሚባሉ ሰዎች በአንድ ቀበሌ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ በዚያ ላይ አንዱ ሰው በመታወቂያው «ሙሐመድ»፣ በይዞታ ካርታው «መሐመድ»፣ በፓስፖርቱ ደግሞ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በስምና በአባት ስም ብቻ መወሰን አያዋጣም። የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የመታወቂያ ቁጥርና መታወቂያውን የሰጠው አካል ይጻፉ፤ ፎቶግራፉም ከሰውየው ፊት ጋር በጥንቃቄ ይነጻጸር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገውን የዲጂታል መታወቂያ የያዘ ባለጉዳይ ካለ ቁጥሩን መያዝና ማጣራት የሚቻል ከሆነ ማጣራት ከብዙ ክርክር ያድናል።

የስም አጻጻፍ ልዩነት ሲገኝ አረጋጋጩ በራሱ ግምት «አንድ ሰው ናቸው» ብሎ ማለፍ የለበትም። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ሥልጣን ካለው አካል ይቅረብ፤ ሰነዱም ላይ «በይዞታ ማረጋገጫው እንዲህ ተብሎ የተጠቀሰው» የሚል ይግባበት። ምስክሮች ባለጉዳዩን እናውቀዋለን ሲሉ ከመቼ ጀምሮና በምን እንደሚያውቁት ይጠየቁ፤ በር ላይ ቆመው ለማንም የሚመሰክሩ ሰዎችንም መቀበል አይገባም። ይህ በብዙ ቦታ የሚታወቅ ልማድ ስለሆነ፣ አንድን ምስክር በሳምንት ውስጥ ለማይዛመዱ ባለጉዳዮች ሲመሰክር ያገኘ አረጋጋጭ ጥያቄ ማንሳት አለበት።

ሦስተኛ፦ ችሎታንና ፈቃድን ከባለጉዳዩ አፍ መስማት

የአረጋጋጩ ሥራ ፊርማ ማየት ብቻ አይደለም፤ የሚፈርመው ሰው የሚፈርመውን ማወቁን ማረጋገጥ ነው። በእኔ እምነት ከክርክሮች ሁሉ ብዙዎቹ የሚመነጩት ይህ ደረጃ በጥድፊያ ስለሚታለፍ ነው።

በዕድሜ የገፉ እናት በእህታቸው ልጅ ተደግፈው ገቡ እንበል። ወረቀቱን ያስጻፈውም፣ የሚናገረውም፣ ገንዘቡን የሚከፍለውም ወጣቱ ነው። አረጋጋጩ ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ ውጭ እንዲቆይ በአክብሮት ይጠይቅና እናትየውን ያነጋግራል።

«እማማ፣ ይህ ወረቀት ምን እንዲያደርግልዎ ነው የሚፈርሙት?»

«የእኔ ልጅ፣ ግብሩን እንዲከፍልልኝ፣ ተከራዩንም እንዲቆጣጠርልኝ ነው።»

ሰነዱ ግን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍና በዋስትና ለማስያዝ» ይላል። በዚህ ጊዜ አረጋጋጩ ሁለት ነገር ያደርጋል። የተጻፈውን በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳቸዋል፤ ከዚያም ሰነዱ እንደ ፈቃዳቸው እንዲስተካከል ይመልሳል። «ይሁን፣ ከእህቴ ልጅ ምን እሰስታለሁ» ቢሉ እንኳ መሸጥና መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ተረድተው መሆኑን ደግሞ መጠየቅ አለበት። ጥያቄውና መልሱ በአጭሩ ማስታወሻ ይያዝበት፤ ለምሳሌ «ወካይዋ ብቻቸውን ተጠይቀው ቤቱን ለመሸጥ ሥልጣን መስጠታቸውን እንደሚያውቁ ገልጸዋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነገ ለሚነሳው ክርክር ትልቅ ዋጋ አለው።

ማንበብና መጻፍ ለማይችሉና ለዓይነ ሥውራን ጥንቃቄው የሕግ ግዴታ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 እነዚህ ሰዎች በጣት አሻራ የፈረሙት ውል በሕግ ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድዳቸውም ይላል። ስለዚህ ሰነዱ ቃል በቃል ተነቦላቸው እንደነበር በሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት። በከሚሴና በባቲ አካባቢ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ባለጉዳይ ሲመጣ አስተርጓሚው ከተዋዋዮች ጋር ጥቅም የሌለው ሰው ይሁን፤ ስሙና ፊርማውም በሰነዱ ላይ ይኑር።

የታመመ ወይም አእምሮው የተናወጠ የሚመስል ሰው ሲቀርብ ባለሙያው ሐኪም ሆኖ መወሰን አይችልም። ቀኑን፣ የመጣበትን ጉዳይና የንብረቱን ዓይነት ጠይቆ መልሱ የተዘበራረቀ ከሆነ የሕክምና ማስረጃ እስኪቀርብ ሰነዱን ያቆየዋል።

አራተኛ፦ በንብረቱ ላይ ያለውን መብት ማጣራት

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ዋናው ይቅረብ፤ ቅጂ አይበቃም። ንብረቱ ዕግድ ወይም ዕዳ የሌለበት መሆኑ ካርታውን ከሰጠው አካል በተጻፈ ደብዳቤ ይረጋገጥ፤ ደብዳቤውንም በተቻለ መጠን ባለጉዳዩ በእጁ ይዞት ከሚመጣ በመሥሪያ ቤቶቹ መካከል ቢላላክ ይሻላል።

የትዳር ጓደኛ ስምምነት ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማስተላለፍ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም ሊታይ ይገባል። ብዙ ባለጉዳዮች ያላገባሁ ነኝ የሚል ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ። ነገር ግን በኒካሕ ወይም በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻም በሕግ ፊት ጋብቻ ነው፤ በክብር መዝገብ አለመመዝገቡ የለም አያሰኘውም። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ከማለፍ ይልቅ «በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ አለዎት?» ብሎ በግልጽ መጠየቅና መልሱን በባለጉዳዩ ፊርማ መያዝ ይገባል። ባለጉዳዩ ዋሽቶ ቢገኝ ተጠያቂው እርሱ ይሆናል።

በከተሞቻችን ዳር ያለው የእርሻ መሬት የራሱ አደጋ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የገጠር መሬት መብት በስጦታም ሆነ በኪራይ የሚተላለፈው በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 በተፈቀደው አኳኋን ብቻ ነው። ሽያጩ ስለተከለከለ ሰዎች ሽያጩን በውክልና፣ በብድር ወይም በስጦታ ስም ሸፍነው ያመጡታል። «የማይሻር ውክልና» የሚለው ሰነድ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በሕጉ ወካይ የሰጠውን ሥልጣን በማንኛውም ጊዜ መሻር ስለሚችል እንዲህ ያለው ቃል ዋጋ የለውም። የሽፋን ሰነድ መሆኑን እያወቀ የሚያረጋግጥ ባለሙያ ገበሬውን ከመሬቱ፣ ገዢውንም ከገንዘቡ ያፈናቅላል፤ ራሱም ቅን ልቡና ነበረኝ ብሎ የሚከራከርበት መሠረት አይኖረውም።

አምስተኛ፦ ፎርሙንና ይዘቱን መመርመር

የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍና በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ፎርም ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል እንደ ሕጋዊ ውል እንደማይቆጠር አስረድቷል። ከባንክና ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ለሚወሰድ ብድር የሚደረግ የመያዣ ውል በአዋጅ ቁጥር 639/2001 ከዚህ ግዴታ ነፃ ሆኗል።

ውክልና ሲሆን ቁጥር 2204 እና 2205 አብረው ይነበቡ። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣንን ብቻ ነው፤ ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ለመታረቅና በፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። «ማናቸውንም ጉዳይ እንዲፈጽምልኝ» የሚለው የተለመደ ቃል ለሽያጭ እንደማያገለግል ለወካዩም ለተወካዩም በዕለቱ ይነገራቸው።

ኑዛዜ በግልጽ የሚደረግ ከሆነ በቁጥር 881 መሠረት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡም በጽሑፉ ላይ መጠቀስ አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ፣ የመዝገብ ሹም ወይም ዳኛ ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃል። «በአራት ምስክሮች ፊት ተነቧል» የምትለው አንዲት ሐረግ ስለጠፋች ኑዛዜ ሊፈርስ ስለሚችል ከመፈረሙ በፊት ይህች ሐረግ ትፈለግ።

ስድስተኛ፦ ከውጭ አገር የመጣ ውክልና

ከጅዳና ከሪያድ የሚመጡ ውክልናዎች በወሎ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ለዓመታት ለፍቶ ቤት የሠራ ልጅ ሀብት በአንድ ወረቀት ላይ የሚንጠለጠለውም በእነዚህ ነው። ሰነዱ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የተረጋገጠና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያለፈ መሆኑ ይታይ። ማኅተሙ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሰነዱ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ትክክለኛነቱ ከላከው አካል ይጣራ። በስልክ ምስል የተላከ ወይም የታተመ ቅጂ ለሽያጭ ተቀባይነት የለውም።

ወካዩ በሕይወት መኖሩና ውክልናውን አለመሻሩም ይጠየቅ፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ስለሚያበቃ ተወካዩ ውክልናው እስካሁን የጸና ስለመሆኑ ፊርማ ያኑር። ተወካዩ ቤቱን ለራሱ ወይም ለሚስቱ ሊሸጥ ከመጣ ቁጥር 2188ን ማስታወስ ይገባል፤ ተወካይ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ውል በወካዩ ጥያቄ ሊፈርስ ይችላልና የወካዩ ግልጽ ፈቃድ ሳይታይ መፈረም የለበትም።

ሰባተኛ፦ አንብቦ ማስፈረም

ሰነዱ ይነበባል፣ ተዋዋዮች በአረጋጋጩ ፊት ይፈርማሉ፤ ምስክሮች፣ በመጨረሻም አረጋጋጩ። ቤት ተፈርሞ የመጣ ሰነድ አይረጋገጥም። ስርዝ ድልዝ ካለ ሁሉም ከጎኑ ይፈርሙበት፤ ባዶ ቦታ በመስመር ይዘጋ፤ እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም ይኑረው፤ የቴምብር ቀረጥ መከፈሉም ይታይ።

ስምንተኛ፦ አላረጋግጥም ማለት

እንቢ ማለት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ፤ የትኛው ማስረጃ እንደጎደለና የት እንደሚሟላ ይገለጽ፤ ቅጂውም ይቀመጥ። ባለጉዳዩ አቤቱታውን የሚያቀርብበትን አካል ማወቅ አለበት፤ ያለምክንያት አገልግሎት መከልከልም በበኩሉ ያስጠይቃልና።

ትእዛዙ ከአለቃ ቢመጣስ? የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የበላይን ትእዛዝ የፈጸመ የበታችን ከኃላፊነት አያወጣውም። «ፈርምለትና ይሂድ» የሚል የቃል ትእዛዝ የደረሰው ባለሙያ ትእዛዙ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ እርሱም ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቅ። ይህን ማድረግ በሥራ ቦታ ቅሬታ ሊያመጣ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከእስርና ከካሣ ዕዳ የሚቀል ነው።

ዘጠነኛ፦ መዝገብና ቀሪ

ያረጋገጠውን ሰነድ አንድ ዋና ቅጂ (ቀሪ)፣ የመታወቂያዎችን ቅጂ፣ የማጣሪያ ደብዳቤዎችንና የዕለቱን ማስታወሻ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 የተረጋገጠና የተመዘገበ ሰነድ ለያዘው ቃል የማያጠራጥር ማስረጃ ስለሆነ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድና ያለ በቂ ምክንያት ሊስተባበል የማይችል በመሆኑ፣ መዝገቡን የሚጠብቅ ሰው የሌሎችን መብት እየጠበቀ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በወሎ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነዶችም ወድመዋል። ከዚያ በፊት የተረጋገጠ ሰነድ ቅጂ ይዞ መጥቶ «ማኅተም አድሱልኝ» የሚል ባለጉዳይ ሲቀርብ አረጋጋጩ ቀሪውን በመዝገብ ቤት ካላገኘ «ከዋናው ጋር ተመሳሳይ» ብሎ መጻፍ አይችልም፤ ያላየውን አይቻለሁ ማለት ይሆንበታል። መዝገቡ ተፈልጎ አለመገኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ ይሰጠዋል፤ ባለጉዳዩም በሌላ ማስረጃ በፍርድ ቤት ያረጋግጣል። ተዋዋዮቹ በሕይወት ካሉና ከተስማሙ ደግሞ አዲስ ሰነድ አዘጋጅተው በአዲስ ቀን ቢፈራረሙ ይሻላል፤ በአሮጌ ቀን የሚጻፍ አዲስ ሰነድ ግን ሐሰተኛ ሰነድ ነው።

አሥረኛ፦ መጥሪያ ሲደርስ

መጥሪያው እንደደረሰ ለተቋሙ ኃላፊና ለሕግ ክፍሉ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ፋይሉን አውጥቶ ገጾቹን ቆጥሮ ቅጂ ያሠራል። ከተከራካሪዎቹ ከማንኛቸውም ጋር ስለጉዳዩ አይነጋገርም፤ ሽማግሌ ቢላክበት እንኳ የሽማግሌውን ክብር ጠብቆ ነገሩ በፍርድ ቤት መሆኑን ይነግረዋል። በምስክርነት ሲቀርብ የሚያስታውሰውንና በመዝገብ የተጻፈውን ለይቶ ይናገራል፤ ስለማያስታውሰው ነገር «ፋይሉ ላይ እንዲህ ተጽፏል፣ ከዚህ ውጭ አላስታውስም» ማለት ነውር የለውም። በክስ የተጠራ እንደሆነ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ወይስ የግል ጥፋት የሚለው ጭብጥ በመልሱ ላይ አስቀድሞ እንዲነሳ፣ መንግሥትም እንደነገሩ ሁኔታ በክርክሩ ውስጥ እንዲገባ ጠበቃውን ወይም የሕግ ክፍሉን ይጠይቅ። በፋይሉ ውስጥ የጎደለ ነገር ቢያገኝ በቀድሞው ማስታወሻ ላይ አንዲት ፊደል አይጨምር፤ ማብራሪያ ካስፈለገ በተለየ ወረቀት፣ በዕለቱ ቀንና በራሱ ፊርማ ጽፎ ከፋይሉ ጋር ያያይዘው።